የጣሊያን ግራንድ ፕሪ፦ የሞንዛ የመኪና ውድድር ታሪክና የቅርብ ዓመታት ውጤቶች

በየዓመቱ የሮሽ ሀሻና በዓል በሚቃረብበት ወቅት፣ አብዛኛውን ጊዜ በሴፕቴምበር ወር የመጀመሪያ እሑድ፣ በሰሜን ጣሊያን ሚላኖ ከተማ አጠገብ በምትገኘው ሞንዛ ከፍተኛ የመኪና ውድድር ይካሄዳል። ይህ ውድድር የጣሊያን ግራንድ ፕሪ ይባላል። በዓለም ላይ ካሉት የመኪና ውድድሮች መካከል በዕድሜ ከቀደሙት አንዱ ሲሆን ከፎርሙላ ዋን ውድድሮች በጣም ፈጣኑ ነው። በቤታችን ያሉ ወጣቶች ፎርሙላ ዋን በቴሌቪዥን ሲከታተሉ ወላጆች ደግሞ "መኪና ዙሪያውን ሲሽከረከር ማየት ምኑ ያስደስታል?" ብለው መጠየቃቸው የተለመደ ነው። ይህ ጽሑፍ ለሁለቱም ወገን የተዘጋጀ ነው።

ነገሩ ከቋንቋችንም ያን ያህል የራቀ አይደለም። መኪና፣ ጎማ፣ ፍሬን፣ ማርሽ፣ ፍሬቻ የምንላቸው ቃላት ሁሉ ከጣሊያንኛ የመጡ ናቸው። "ቲፎዞ" የምንለውም ቃል ጣሊያኖች በሞንዛ ሜዳ ዙሪያ ቀይ ለብሰው የሚጮኹትን የፌራሪ ደጋፊዎች የሚጠሩበት ቃል ነው። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመቶች በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢያን ልብ እንዲሉልን እንጠይቃለን።

ውድድሩ እንዴት ይካሄዳል?

"ግራንድ ፕሪ" ማለት በፈረንሳይኛ "ታላቅ ሽልማት" ማለት ነው። የፎርሙላ ዋን የዓለም ሻምፒዮና በተለያዩ አገሮች የሚደረጉ ብዙ ግራንድ ፕሪዎች ድምር ነው። እያንዳንዱ ቡድን ሁለት መኪና ያሰልፋል። በአንድ ግራንድ ፕሪ አንደኛ የወጣ 25 ነጥብ፣ ሁለተኛው 18፣ ሦስተኛው 15፣ አራተኛው 12፣ አምስተኛው 10 እያለ እስከ አሥረኛው ድረስ ነጥብ ይሰጣል። ዓመቱ ሲያልቅ ብዙ ነጥብ የሰበሰበው ሹፌር የዓለም ሻምፒዮን ይሆናል፤ ለቡድኖችም እንዲሁ የራሳቸው ዋንጫ አላቸው።

በሞንዛ ዓርብ ልምምድ ይደረጋል። ቅዳሜ ደግሞ እያንዳንዱ ሹፌር አንድ ዙር በምን ያህል ጊዜ እንደሚጨርስ ተለክቶ የአሰላለፍ ቦታው ይወሰናል። ዋናው ውድድር እሑድ ነው። በጣሊያን ሰዓት 15:00 ሲጀምር በእስራኤል 16:00 ይሆናል፤ በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ 10 ሰዓት ማለት ነው። ስለዚህ ሰንበትን የሚጠብቅ ቤተሰብ የቅዳሜው ማጣሪያ ቢያመልጠውም ዋናውን ውድድር ለማየት የሚያግደው ነገር የለም።

የሞንዛ መንገድ አንድ ዙሩ 5.793 ኪሎ ሜትር ሲሆን ሹፌሮቹ 53 ጊዜ ይዞሩታል። ድምሩ ከ306 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ረጃጅም ቀጥ ያሉ መንገዶች ስላሉት መኪኖቹ አብዛኛውን ዙር ነዳጅ እስከ መጨረሻው ረግጠው ይነዳሉ። ፍጥነታቸውም በሰዓት ከ340 ኪሎ ሜትር በላይ ይደርሳል። ሞንዛ "የፍጥነት ቤተ መቅደስ" የሚል ቅጽል ስም ያገኘው በዚህ ምክንያት ነው።

አጀማመሩ

የመጀመሪያው የጣሊያን ግራንድ ፕሪ የተካሄደው በሴፕቴምበር 4 ቀን 1921 ነው። ቦታው ሞንዛ ሳይሆን በብሬሺያ ከተማ አቅራቢያ የምትገኘው ሞንቲኪያሪ ነበረች። ያሸነፈውም ጣሊያናዊ ሳይሆን ባሎ በተባለች የፈረንሳይ መኪና የተወዳደረው ፈረንሳዊው ዡል ጉ ነበር።

በሚቀጥለው ዓመት በሞንዛ ንጉሣዊ መናፈሻ ውስጥ ለውድድር ብቻ የሚያገለግል መንገድ እንዲሠራ ተወሰነ። 3,500 የሚሆኑ ሠራተኞች ተሰማርተው በ110 ቀናት ውስጥ ሥራውን ጨረሱት። በዓለም ላይ ለውድድር ተብለው ከተሠሩት ቋሚ መንገዶች፣ ከእንግሊዙ ብሩክላንድስና ከአሜሪካው ኢንዲያናፖሊስ ቀጥሎ ሦስተኛው ይህ ነበር። በሴፕቴምበር 1922 በዚያው ሜዳ የተደረገውን ግራንድ ፕሪ ጣሊያናዊው ፒዬትሮ ቦርዲኖ በፊያት መኪና አሸነፈ።

በ1930ዎቹ ዓመታት ስሙ እጅግ የገነነው ታዚዮ ኑቮላሪ ነበር። በ1931፣ በ1932 እና በ1938 የጣሊያንን ግራንድ ፕሪ አሸንፏል። በዚያን ጊዜ የነበሩት የጣሊያንና የጀርመን መንግሥታት የመኪና ውድድርን የአገዛዛቸው ማሳያ አድርገውት ነበር። በ1935 ኢትዮጵያን የወረረው የሙሶሊኒ መንግሥት፣ በሴፕቴምበር 5 ቀን 1938 የአይሁድ ልጆችንና መምህራንን ከጣሊያን ትምህርት ቤቶች የሚያስወጣ ሕግ አወጣ። ከስድስት ቀን በኋላ በሞንዛ ሕዝቡ ለኑቮላሪ ድል ያጨበጭብ ነበር። ከዚያ በኋላ የዓለም ጦርነት መጣና ውድድሩ እስከ 1947 ድረስ ተቋረጠ።

የዓለም ሻምፒዮና ከተጀመረ ወዲህ

ከጦርነቱ በኋላ ግራንድ ፕሪው በ1947 በሚላኖ፣ በ1948 በቶሪኖ ከተማ ከተካሄደ በኋላ በ1949 ወደ ሞንዛ ተመለሰ። በ1950 የፎርሙላ ዋን የዓለም ሻምፒዮና ሲጀመር የዓመቱ የመጨረሻ ውድድር የሞንዛው ነበር። በዚያም ቀን ጁዜፔ ፋሪና በአልፋ ሮሜዮ አሸንፎ በታሪክ የመጀመሪያው የዓለም ሻምፒዮን ሆነ። ከ1950 ጀምሮ የጣሊያን ግራንድ ፕሪ ከሞንዛ ውጪ የተደረገው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። እሱም በ1980 በኢሞላ ሲሆን ብራዚላዊው ኔልሰን ፒኬ አሸንፏል።

በ1971 የተደረገው ውድድር እስከ ዛሬ ይወራለታል። አምስት መኪኖች ተያይዘው መጨረሻውን መስመር አለፉ። አንደኛ የወጣው እንግሊዛዊው ፒተር ጌቲን ከሁለተኛው የቀደመው በመቶኛ ሰከንድ ብቻ ነበር። በአንደኛውና በአምስተኛው መካከልም አንድ ሰከንድ እንኳ አልነበረም። በሚቀጥለው ዓመት ግን ፍጥነቱ ከልክ አለፈ ተብሎ መኪኖቹ እንዲቀዘቅዙ የሚያስገድዱ ጠመዝማዛ መታጠፊያዎች በመንገዱ ላይ ተጨመሩ።

የፍጥነት ዋጋ

የሞንዛን ታሪክ ያለ ሐዘን መናገር አይቻልም። በ1928 የኤሚሊዮ ማቴራሲ መኪና ከመንገድ ወጥታ ወደ ተመልካቾች ስትገባ ሹፌሩና ከ20 በላይ ተመልካቾች ሞቱ። በ1933 ካምፓሪ፣ ቦርዛኪኒና ቻይኮቭስኪ የተባሉ ሦስት ሹፌሮች በአንድ ቀን በዚሁ ሜዳ ሕይወታቸው አለፈ።

በ1955 በተሠራው፣ ዳርና ዳሩ እንደ ግድግዳ ዘመም ባለው የኮንክሪት መንገድ ላይ መሮጥ አደገኛ ነው በማለት በ1960 ዋና ዋናዎቹ የእንግሊዝ ቡድኖች ሳይወዳደሩ ቀሩ። አዘጋጆቹ ግን በ1961 እንደገና ተጠቀሙበት። በዚያ ዓመት የዓለም ሻምፒዮና ለመሆን የተቃረበው ጀርመናዊው ቮልፍጋንግ ፎን ትሪፕስ ፌራሪውን እየነዳ ከጂም ክላርክ መኪና ጋር ተነካካ። መኪናው ወደ ሕዝቡ በረረች፤ እሱና 15 ተመልካቾች ሞቱ። ውድድሩ ግን አልቆመም ነበር። የቡድን ጓደኛው አሜሪካዊው ፊል ሂል ያን ቀን አሸንፎ ሻምፒዮን ሆነ። አደጋው የደረሰው በተራው መንገድ ላይ ቢሆንም ያ ዘመም ያለው መንገድ ከዚያ ወዲህ ለግራንድ ፕሪ አላገለገለም። እስከ አሁን ግን በመናፈሻው ዛፎች መካከል ቆሞ ይታያል።

በ1970 ዮኸን ሪንት በልምምድ ላይ ሳለ ሞተ። እስከዚያ ቀን የሰበሰበውን ነጥብ ማንም ስላልደረሰበት ከሞተ በኋላ የዓለም ሻምፒዮን ተብሏል፤ ይህ ዕጣ የደረሰው ሌላ ሹፌር የለም። በ1978 ደግሞ ውድድሩ እንደተጀመረ ብዙ መኪኖች ተጋጩ። ስዊድናዊው ሮኒ ፒተርሰን እግሮቹ ተሰባብረው ሆስፒታል ተወሰደና በማግስቱ ሞተ። ከዚህ አደጋ በኋላ በእያንዳንዱ ግራንድ ፕሪ የመጀመሪያ ዙር ላይ ሐኪም የያዘ መኪና ከተወዳዳሪዎቹ ኋላ ተከትሎ እንዲሄድ ተደረገ። ዛሬም ይህ ሥርዓት አለ።

አደጋ የሚደርሰው በሹፌሮች ላይ ብቻ አይደለም። በ2000 በመጀመሪያው ዙር በተፈጠረ ግጭት ከመኪና የተነቀለ ጎማ መንገድ ዳር ቆሞ የነበረውን ፓኦሎ ጂስሊምበርቲ የተባለ የእሳት አደጋ ሠራተኛ ገደለው። ከዚያ ወዲህ ጎማዎችን ከመኪናው አካል ጋር አጥብቀው የሚያስሩት ገመዶች ተጠናከሩ።

በሌላ በኩል ሞትን አምልጠው የመጡም አሉ። ኦስትሪያዊው ኒኪ ላውዳ በኦገስት 1976 በጀርመን አገር በእሳት ተቃጥሎ ካህን እንኳ ተጠርቶለት ነበር። ከስድስት ሳምንት በኋላ ቁስሉ ገና ሳይድን፣ ራሱ በፋሻ እንደተጠቀለለ ሞንዛ ላይ ተወዳድሮ አራተኛ ወጣ።

ፌራሪና ቲፎዞዎቹ

በሞንዛ የሚሰበሰበው ሕዝብ የሚደግፈው በመጀመሪያ ቀዩን መኪና፣ ፌራሪን ነው። የሚነዳው ሰው ዜግነት ሁለተኛ ነገር ነው። የጣሊያን ተወላጅ ሹፌር የአገሩን ግራንድ ፕሪ ያሸነፈው ለመጨረሻ ጊዜ በ1966 ሲሆን እሱም በፌራሪ የነዳው ሉዶቪኮ ስካርፊዮቲ ነበር። ከዚያ ዓመት አንስቶ እስከ 2025 ውድድር ድረስ የተገኙት የፌራሪ ድሎች በሙሉ በውጭ አገር ተወላጆች የተገኙ ናቸው።

ከእነዚህ አንዱ በደቡብ አፍሪካ ኢስት ለንደን ከተማ ከአይሁድ ቤተሰብ የተወለደው ጆዲ ሼክተር ነው። በ1979 በሞንዛ በፌራሪ አንደኛ ወጥቶ በዚያው ቀን የዓለም ሻምፒዮንነቱን አረጋገጠ። ከአፍሪካ አህጉር የፎርሙላ ዋን ሻምፒዮን የሆነ ሌላ ሰው የለም። ፌራሪ ከሼክተር በኋላ ሌላ የሹፌሮች ሻምፒዮን ለማግኘት እስከ 2000 ድረስ 21 ዓመት ጠብቋል።

በኦገስት 14 ቀን 1988 የድርጅቱ መሥራች ኤንዞ ፌራሪ አረፈ። በዚያ ዓመት የማክላረን ቡድን ሁሉንም ውድድር እያሸነፈ ነበር። ከአራት ሳምንት በኋላ በሞንዛ፣ ሁለት ዙር ብቻ ሲቀር መሪው አይርተን ሴና ከአንድ ኋላ ከቀረ መኪና ጋር ተጋጭቶ ወጣ። ሁለቱ የፌራሪ ሹፌሮች ጌርሃርድ በርገርና ሚኬሌ አልቦሬቶ አንደኛና ሁለተኛ ሆኑ። ማክላረን በዚያ ዓመት ያላሸነፈው ውድድር ይህ ብቻ ነው። ሕዝቡም ለሟቹ ሽማግሌ የተላከ ስጦታ አድርጎ ቆጠረው።

ጀርመናዊው ሚካኤል ሹማከር በሞንዛ በፌራሪ አምስት ጊዜ አሸንፏል፤ በ1996፣ በ1998፣ በ2000፣ በ2003 እና በ2006። በ2006 ካሸነፈ በኋላ በዓመቱ መጨረሻ ከውድድር እንደሚሰናበት ያስታወቀው እዚያው ነበር። በኋላ ተመልሶ መጥቶ ለሌላ ቡድን እስከ 2012 ነድቷል።

ሉዊስ ሃሚልተን፦ የመጀመሪያው ጥቁር ሹፌር

የሹማከርን አምስት ድል ያስተካከለው እንግሊዛዊው ሉዊስ ሃሚልተን ነው። በ2012 በማክላረን፣ በ2014፣ በ2015፣ በ2017 እና በ2018 ደግሞ በመርሴዲስ አሸንፏል። ሃሚልተን በ1985 የተወለደ ሲሆን የአባቱ ወላጆች ከግሬናዳ ደሴት ወደ እንግሊዝ የመጡ ስደተኞች ናቸው። ይህ ስፖርት ገንዘብ የሚበላ በመሆኑ አባቱ አንቶኒ ልጁን በትናንሽ የውድድር መኪኖች ለማሠልጠን በአንድ ጊዜ ከአንድ ሥራ በላይ ይሠራ ነበር። ልጁም በ13 ዓመቱ የማክላረን ቡድን ድጋፍ አገኘ፤ በ2007 ፎርሙላ ዋን ገባ። በፎርሙላ ዋን የተወዳደረ የመጀመሪያው ጥቁር ሹፌር እሱ ነው።

መንገዱ ግን ቀና አልነበረም። በ2008 በስፔን ባርሴሎና ልምምድ ሲያደርግ አንዳንድ ተመልካቾች ፊታቸውን ጥቁር ቀብተው ሲሰድቡት ነበር። በዚያው ዓመት የዓለም ሻምፒዮን ሆኖ መለሰላቸው፤ እስከ 2020 ድረስም ሰባት ጊዜ ሻምፒዮን ሆኗል። በሞንዛ ፌራሪን ባሸነፈ ቁጥር ቲፎዞው ያጉረመርምበት ነበር። በ2025 ግን ራሱ የፌራሪን ቀይ ልብስ ለብሶ ሲመጣ ያው ሕዝብ ስሙን እየጠራ ተቀበለው። ከቆዳ ቀለም የተነሳ በሥራም ሆነ በትምህርት ቤት ፊት የተነሳቸው ወጣቶቻችን ይህን ሰው በተለየ ዓይን የሚያዩበት ምክንያት ግልጽ ነው።

የቅርብ ዓመታት ውጤቶች

2018፦ 1ኛ ሉዊስ ሃሚልተን (መርሴዲስ)፣ 2ኛ ኪሚ ራይኮነን (ፌራሪ)፣ 3ኛ ቫልተሪ ቦታስ (መርሴዲስ)። ሁለቱ ፌራሪዎች ከፊት ተሰልፈው ቢጀምሩም ሃሚልተን ቀደማቸው።

2019፦ 1ኛ ሻርል ለክሌር (ፌራሪ)፣ 2ኛ ቦታስ፣ 3ኛ ሃሚልተን። ፌራሪ በአገሩ ከ2010 በኋላ ያገኘው የመጀመሪያ ድል ነበር።

2020፦ 1ኛ ፒየር ጋስሊ (አልፋታውሪ)፣ 2ኛ ካርሎስ ሳይንዝ (ማክላረን)፣ 3ኛ ላንስ ስትሮል (ሬሲንግ ፖይንት)። በኮሮና ምክንያት ተመልካች አልገባም። ሃሚልተን እየመራ ሳለ መግቢያው ተዘግቶ በነበረበት ሰዓት ጎማ ለመቀየር በመግባቱ ተቀጣ። ጋስሊ ከግማሽ ሰከንድ ባነሰ ልዩነት አሸነፈ፤ ማንም ያልጠበቀው ውጤት ነበር።

2021፦ 1ኛ ዳንኤል ሪካርዶ (ማክላረን)፣ 2ኛ ላንዶ ኖሪስ (ማክላረን)፣ 3ኛ ቦታስ። ለዋንጫው የሚፎካከሩት ማክስ ቬርስታፐንና ሃሚልተን ተጋጩ። የቬርስታፐን መኪና በሃሚልተን መኪና ላይ ወጥታ ቆመች። ሃሚልተንን ያዳነው ከሹፌሩ ራስ በላይ የሚገጠመው "ሄሎ" የተባለው ጠንካራ የብረት ቅስት ነው። ይህ ቅስት በፎርሙላ ዋን ግዴታ የሆነው በ2018 ሲሆን በዚያን ጊዜ "የመኪናውን መልክ ያበላሻል" ብለው የተቃወሙት ብዙዎች ነበሩ።

2022፦ 1ኛ ማክስ ቬርስታፐን (ሬድ ቡል)፣ 2ኛ ለክሌር (ፌራሪ)፣ 3ኛ ጆርጅ ራስል (መርሴዲስ)። የመጨረሻዎቹ ዙሮች በደህንነት መኪና ኋላ በዝግታ ስለተጠናቀቁ ሕዝቡ ቅር ብሎት ወጣ።

2023፦ 1ኛ ቬርስታፐን (ሬድ ቡል)፣ 2ኛ ሰርጂዮ ፔሬዝ (ሬድ ቡል)፣ 3ኛ ሳይንዝ (ፌራሪ)። ቬርስታፐን በተከታታይ ለ10ኛ ጊዜ በማሸነፍ አዲስ ክብረ ወሰን አስመዘገበ።

2024፦ 1ኛ ለክሌር (ፌራሪ)፣ 2ኛ ኦስካር ፒያስትሪ (ማክላረን)፣ 3ኛ ኖሪስ (ማክላረን)። ማክላረኖች ሁለት ጊዜ ቆመው ጎማ ሲቀይሩ ለክሌር አንድ ጊዜ ብቻ ቀይሮ በዚያው አስጨረሰው። ፈጣን መኪና ከያዙት ላይ በብልሃት የተገኘ ድል ነበር።

2025፦ 1ኛ ቬርስታፐን (ሬድ ቡል)፣ 2ኛ ኖሪስ (ማክላረን)፣ 3ኛ ፒያስትሪ (ማክላረን)። ለክሌር አራተኛ፣ ከአሥረኛ ቦታ የተነሳው ሃሚልተን ስድስተኛ ወጡ። ወጣቱ ጣሊያናዊ ኪሚ አንቶኔሊ ዘጠነኛ ሆነ። ቬርስታፐን በማጣሪያው አንዱን ዙር በ1 ደቂቃ ከ18.792 ሰከንድ ጨረሰ። ውድድሩ ራሱ በአማካይ በሰዓት ከ250 ኪሎ ሜትር በላይ ተነድቶ በ1 ሰዓት ከ13 ደቂቃ ገደማ አለቀ። በዚህም በ2003 በዚያው በሞንዛ ሹማከር ሲያሸንፍ የተመዘገበው ክብረ ወሰን ተሰብሮ፣ እስከዚያ ቀን ከተደረጉት የፎርሙላ ዋን ውድድሮች ሁሉ ፈጣኑ ሆነ።

እስራኤላዊ ሹፌር በሞንዛ

የእስራኤል ባንዲራም በዚህ ሜዳ ታይቷል። በ2020 ሮይ ኒሳኒ የዊሊያምስ ቡድን የሙከራ ሹፌር ሆኖ በሞንዛ የዓርቡን የመጀመሪያ ልምምድ ነድቷል። አባቱ ሐኖኽ ኒሳኒም በ2005 በሃንጋሪ ግራንድ ፕሪ የዓርብ ልምምድ ላይ በሚናርዲ መኪና ተሳትፎ ነበር። እስከ 2025 መጨረሻ ድረስ ግን በፎርሙላ ዋን በእሑዱ ዋና ውድድር ላይ የተሰለፈ እስራኤላዊ ሹፌር የለም።

ለወላጆችና ለወጣቶች

ሞንዛ ከመቶ ዓመት በላይ በሆነ ዕድሜዋ ያስተማረችው አንድ ነገር ቢኖር ፍጥነት ያለ ጥንቃቄ ዋጋ እንደሚያስከፍል ነው። ጠመዝማዛዎቹ መታጠፊያዎች፣ ተከታዩ የሐኪም መኪና፣ የተጠናከረው የጎማ ገመድ፣ ከራስ በላይ ያለው ቅስት፣ አብዛኞቹ ሰው ከሞተ ወይም ሊሞት ከደረሰ በኋላ የመጡ ናቸው። ዛሬ በሞንዛ በሰዓት 340 ኪሎ ሜትር የሚነዳው ሹፌር እሳት የማይበላው ልብስ ለብሷል፣ በስድስት ቀበቶ ታስሯል፣ ከፊቱ የሚመጣ መኪና የለም፣ በደቂቃ ውስጥ የሚደርስለት ሐኪም አለው። አዲስ መንጃ ፈቃድ ይዞ ማታ ከጓደኞቹ ጋር የሚወጣው ልጃችን ከእነዚህ ያለው አንድ ተራ ቀበቶ ብቻ ነው። እሑድ ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ ከልጆቻችሁ ጋር ቁጭ ብላችሁ ውድድሩን ስታዩ፣ ይህን ልዩነት ለማስረዳት ከዚያ የተሻለ ሰዓት አታገኙም።